ባለ ቅንድቡ ታንክ፦ የታደሰን ቲ-55 በሞዴል መሥራትና ማረም



የሶቪየቱ ቲ-55 ታንክ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 810 ሚሊ ሜትር ይለካል። ከእሱ በኋላ የመጣው የቲ-72 ጎማ ደግሞ 750 ነው። ሁለቱ በ1 ለ 35 ልኬት ወደ ፕላስቲክ ሲወርዱ አንዱ 23.1፣ ሌላው 21.4 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም በዚህ ሥራ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ጎማው የተሳሳተ ሞዴል ቢቀርብለት ካሊፐር እስኪያነሳ አይጠብቅም። አንዴ አየት ያደርግና “ይሄ ነገር እግሩ ጤና የለውም” ይላል። መለካቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የዛሬው ዲስኩር ጉዳይ ይኸው ነው፤ ከሳጥን የወጣ የፕላስቲክ ታንክ ከእውነተኛው የሚለያየው የት ላይ እንደሆነ ማወቅና ማቃናት። ለምሳሌነት የተመረጠው ከሁሉም የሚያስቸግረው ዓይነት፣ አርጅቶ የታደሰ ታንክ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመቶች “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ልኬቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1 ለ 35 ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ወታደር 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 3 ሜትር ከ27 የሚሰፋው ቲ-55 ደግሞ ከ9 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ቢባል፣ ከመሐንዲስ ቀመር አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሲሠራ፣ መጠኑን የወሰነው ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ሆዱ ውስጥ እንዲገቡለት ብሎ ነበር። ገበያው ሲደራ ሌሎች ታንኮችንም በዚያው መጠን ለመሥራት ታሰበና ፓንተሩ ተለካ፤ ከእውነተኛው 1 ለ 35 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በቻይናም በዩክሬንም ያሉ ፋብሪካዎች ተቀብለው የሚሠሩበት ልኬት መነሻው ያ የባትሪ ማኅደር ነው።

ይኸው ኩባንያ ኋላ ላይ በትክክለኛነቱ ስም አተረፈ። ከ1967ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ እስራኤል ድረስ ተኪዶ የተማረኩ የሶቪየት ታንኮች ተጠንተዋል። ምን ይደረግ፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሞስኮ ሄዶ “ታንካችሁን ልለካ” ማለት የሚሞከር አልነበረም።

ወደ ታንኩ እንመለስ። ቲ-55 አገልግሎት ላይ የዋለው በ1958 ነው። ከታላቁ ከቲ-54 ጋር ተደምሮ ሲቆጠር በዓለም ላይ የዚህን ያህል በብዛት የተመረተ ታንክ የለም። 36 ቶን ይመዝናል፤ ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው፤ ሞተሩ 580 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አራት ሰው ይይዛል። በ1970ዎቹ ግን አንድ እግረኛ ወታደር ተሸክሞት የሚዞረው ፀረ ታንክ ሮኬትና ሚሳይል በየጦር ሜዳው በዛ። የቲ-55 ብረት ለዚህ አልተሠራም። በሺህ የሚቆጠር ታንክ ደግሞ አይጣልም። ስለዚህ ሰፋ ያለ እድሳት ተደረገለትና በ1983 ቲ-55ኤኤም የተባለው ወጣ።

እድሳቱ ከውጭ ሲያዩት የትየለሌ ነው። ከመድፉ በላይ የሌዘር ርቀት መለኪያ የያዘ የብረት ሳጥን ተቀመጠ። በቱሬቱ (መድፉን በተሸከመው ተሽከርካሪ ጉልላት) ቀኝ ጎን ስምንት የጭስ ቦምብ ማስወንጨፊያ ቱቦዎች ተደረደሩ። ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸፍን የጎማ ቀሚስ በጎንና በጎን ተንጠለጠለ። አፈሙዙ ሙቀት እንዳያጣምመው እጀ ጠባብ ለበሰ። በአፍንጫው ላይ ወፍራም የጥሩር ሰሌዳ ተጨመረ፤ ከሆዱ ሥር ደግሞ ከፈንጂ የሚከላከል ሌላ ሰሌዳ። ሞተሩ ወደ 620 የፈረስ ጉልበት አደገ፤ ክብደቱም ወደ 41 ቶን ተጠጋ።

ዓይን የሚይዘው ግን ሌላ ነው። በቱሬቱ ግንባር፣ ከመድፉ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የተቆለመሙ ግዙፍ የብረት ሳጥኖች ተበየዱ። ውስጣቸው ስስ የብረት ሰሌዳዎች በየመሐሉ የተደረደሩበት ፖሊዩሬቴን ነው፤ የፀረ ታንክ ሮኬት የሚረጨው የብረት ፍሰት ዋናው ብረት ላይ ሳይደርስ እንዲደክም የተዘየደ። ወታደሮቹ “የኢሊች ቅንድብ” የሚል ስም አወጡለት፤ የሊዮኒድ ኢሊች ብሬዥኔቭን ጥቅጥቅ ያለ ቅንድብ ማለታቸው ነው። ባለ ቅንድቡ መሪ ራሳቸው ግን ቲ-55ኤኤም ከመውጣቱ በፊት፣ በኖቬምበር 1982 አርፈዋል።

ለሞዴል ሠሪው ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ታንክ ከፋብሪካ ሲወጣ ከወንድሞቹ ጋር አንድ ነው። የታደሰው ግን አካሉ የ1960ዎቹ፣ ቅንድቡ የ1980ዎቹ፣ ሰንሰለቱ አንዳንዴ የድሮው አንዳንዴ የአዲሱ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ክላዲቮ የተባለውን የራሷን የተኩስ መቆጣጠሪያ ገጠመችለት፤ ከቱሬቱ ኋላ ቀጥ ብላ የምትታየው የነፋስ መለኪያ ዘንግ የዚያ ምልክት ናት። ፖላንድ መሪዳ የሚባል ሌላ ሠራች። የሶቪየቶቹ ቮልና ይባላል። ፊንላንድ ቲ-55ኤም ብላ በራሷ መንገድ አደሰችው። ስለዚህ “ቲ-55ኤኤም” የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን ሲከፈት ውስጡ የሁለት ወይም የሦስት አገር ታንክ ተቀላቅሎ ቢገኝ አይገርምም። የፋብሪካው ሰዎች አንድ ሙዚየም ሄደው ለክተዋል፤ ሙዚየሙ ደግሞ ታንኩን ካገኘው መለዋወጫ ገጣጥሞ ያቆመው ሊሆን ይችላል። ስህተቱ በቅንነት የተወረሰ ነው።

የታደሰን ታንክ የሚያርም ሰው እንግዲህ አስቀድሞ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። የማን ታንክ ነው? በየትኛው ዓመት? የት ቆሞ ሳለ? “ቲ-55 ነው” የሚለው መልስ አይሆንም። የተወሰነ አንድ ታንክ፣ ከተቻለ በጎኑ የተጻፈው ቁጥር የሚነበብ፣ በፎቶ የተያዘ ታንክ ያስፈልጋል። ያ ከሌለ የሚደረገው እርማት ሁሉ አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት መለወጥ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ሠሪ ይህ ጥያቄ ልዩ ክብደት አለው። ቲ-55 በዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀው ስም ነው። በኦጋዴን ጦርነት በሁለቱም ወገን የሶቪየት ታንኮች ተሰልፈዋል፤ በካራማራ ድል የተገኘው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 1978 ነው። ባለ ቅንድቡ ቲ-55ኤኤም የወጣው በ1983። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ የካራማራን ቲ-55 ባለ ቅንድብ አድርጎ የሠራ ሰው ታንኩን አምስት ዓመት ወደፊት አስሮጦታል። የቁጥር ግጥምጥሞሽ ደግሞ ወጥመዱን ያብሰዋል። ቲ-55ዎች ግንቦት 20 ቀን አዲስ አበባ የገቡትም በ1983 ነው፤ በእኛው አቆጣጠር ግን፤ በእነሱ 1991። የውጭ መጽሐፍ ላይ “1983” የሚል አንብቦ ቤተ መንግሥት በር ላይ ከቆመው ታንክ ጋር ያገናኘ ሰው ስምንት ዓመት ተሳስቷል። እንዲህ ላለ ሥራ የሚያስፈልገው እርማት የኋልዮሽ ነው። ቅንድቡ፣ የሌዘሩ ሳጥን፣ ቀሚሱ፣ የጭስ ቱቦዎቹ ሁሉ ተነሥተው የነበሩበት ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል፤ ወይም ሳይለፉ ያልታደሰውን የቲ-55ኤ ሳጥን መግዛት ይሻላል። ታሚያ በ2002 ያወጣው ለዚህ የሚሆን ነው።

አሁን እጅ ወደ ሥራ ይግባ። ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ሳጥኑ እንደተከፈተ ከተቆራረጠ ናስ የተሠሩ ጥቃቅን ጌጣጌጦች፣ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ አፈሙዝ፣ ከሬዚን የፈሰሰ ሣጥንና ካርቶን ይታዘዛል፤ የሞዴሉን ዋጋ እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ይፈሳል። ቱሬቱ ግን እንደጠመመ ነው። ይህ የተጨረማመተውን ላሜራ ሳያቃና ቀለም የሚቀባ ባትላሜራ ሥራ ነው። መጀመሪያ መልክ፣ ቀጥሎ መጠን፣ ጌጡ በመጨረሻ። ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የመፍቻ ማሠሪያ መጉደሉን አይለይም፤ ቱሬቱ ጉልላት መሆን ሲገባው ድስት መምሰሉን ግን ወዲያው ይለያል።

መልክን ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ፎቶ ነው። ከሩቅ፣ በጎን በኩል፣ ከታንኩ ወገብ ከፍታ የተነሣ የእውነተኛው ታንክ ፎቶ ይመረጣል። ሞዴሉም ሳይጣበቅ ተገጥሞ ከዚያው አቅጣጫ ይነሣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስህተቱ ራሱ ይናገራል። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ግን አታላይ ነው፤ አፍንጫውን ያገዝፈዋል፣ ጀርባውን ያሳንሰዋል። በመጽሐፍ የታተመ ንድፍም ቢሆን በእምነት ብቻ አይወሰድም። የጎማው ዲያሜትር በንድፉ ላይ 23.1 ሚሊ ሜትር ካልሆነ፣ ያ ንድፍ በሌላውም ነገር አይታመንም። ከልኬቶቹ ሁሉ የታወቀው እሱ ስለሆነ መፈተኛ ሆኖ ያገለግላል። የሰንሰለቱ ስፋት 580 ሚሊ ሜትር፣ በሞዴል 16.6 መሆኑም ሌላ ጥሩ ምስክር ነው።

የቱሬቱን ገጽ ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ ከሥራው ሁሉ የሚያስደስተው እዚያ ነውና። የቲ-55 ቱሬት ጎኑ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ስለዚህ ሸካራ ነው፤ እጅ ቢዳስሰው ጉርብጥብጥ ይላል። ጣሪያው ግን ከሁለት ሰሌዳ ተቆርጦ የተበየደ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እኩል ያለሰልሳቸዋል። ማረሚያው ቀላል ነው። ቀጭኑ ፈሳሽ ሙጫ በጎኑ ላይ በትንሽ በትንሹ ይቀባል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ፣ ጠጉሩ አጥሮ የተቆረጠ ጠንካራ ብሩሽ በቁሙ መታ መታ ይደረግበታል። እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ይተዋል። ከዚያ ያገለገለ የብርጭቆ ወረቀት በላዩ ቢያልፍ ሹል ሹሉ ይሄዳል፣ ሸካራው ይቀራል። ብሩሹ ግን የጣሪያው ብየዳ መስመር ላይ መቆም አለበት። መስመሩን ያለፈ ሰው የተበየደውን ሰሌዳ ቀልጦ የፈሰሰ አስመሰለው ማለት ነው፤ ይህ በውድድር ላይ ዳኛ የሚፈልገው ዓይነት ስህተት ነው።

ቅንድቡ የራሱ ጣጣ አለው። ሳጥኑ ከቱሬቱ ጋር ሲገጠም በመካከላቸው ጸጉር የምታክል ክፍተት ትቀራለች። በእውነተኛው ታንክ ላይ ያ መስመር ብየዳ ነው፤ ያበጠ፣ የግማሽ ጨረቃ እርከን የሚታይበት። ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ ማለስለስ ስለዚህ ሁለተኛ ስህተት ይሆናል። የሚሻለው ሁለት ዓይነት ሊጥ ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ስቱኮ እንደ ክር አሽከርክሮ በመስመሩ ላይ መጫን፣ ሳይደርቅ በቢላዋ ጫፍ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መጥቀስ ነው። ቅንድቡ ራሱ ከሳሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ሉህ በሙቅ ውኃ ተለስልሶ ይደረብበታል፤ ሲደርቅ በሞረድ ይስተካከላል። እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቀልድ አይደለም። በእውነተኛው ታንክ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብረት ነው።

የሌዘሩ ሳጥን የተቀመጠው ከመድፉ ጋር እንጂ ከቱሬቱ ጋር አይደለም፤ መድፉ ቀና ሲል አብሮት ቀና ይላል። በመድፉ ቀኝ ያለው ትልቁ የሌሊት ማያ መብራትም በዘንግ ተያይዞ እንደዚሁ ያደርጋል። አፈሙዙን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ሳጥኑንና መብራቱን ወደ አድማስ ያስቀረ ሠሪ፣ ዒላማውን ለክቶ ሌላ ቦታ የሚተኩስ ታንክ አበጅቷል። ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ቱሬቱ የሚገባው ሽቦ በፕላስቲክ ክፍሎቹ ውስጥ ከሌለ ግማሽ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል።

የአሉሚኒየም አፈሙዝ የሚገዛ ሰው ደግሞ ስለ እጀ ጠባቡ ይጠይቅ። በየሱቁ ያለው ብዙው ለቲ-55ኤ የተሠራ ራቁቱን የሆነ አፈሙዝ ነው፤ ለታደሰው አይሆንም።

የጎን ቀሚሱን ፋብሪካ ውፍረቱን ጠብቆ ማፍሰስ አይችልም፤ ስለዚህ ፕላስቲኩ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለና ወፍራም ሆኖ ይመጣል። የእውነተኛው ታንክ የጎማ ቀሚስ ይወዛወዛል፣ ይታጠፋል፣ በጭቃና በግንድ ይቀደዳል፤ የተወሰነው ክፍል ጭራሽ ወልቆ የሄደ ታንክም በፎቶ ሞልቷል። ጠርዙን ከውስጥ በኩል በሞረድ ማሳሳት ይረዳል፤ ሙሉ ለሙሉ በስስ የእርሳስ ፎይል መተካት ደግሞ ይበልጣል። ቀሚሱ ከተገጠመ በኋላ የሰንሰለቱ የላይኛው ክፍል ስለማይታይ እዚያ ላይ ቀን ማባከን አያስፈልግም።

የሰንሰለቱ የታችኛውና የኋላው ክፍል ግን ይታያል፤ ከኋላ ያለው ጥርሳም ጎማም እንዲሁ። የድሮው የቲ-55 ሰንሰለት የሚጎተተው 13 ጥርስ ባለው ጎማ ነው። በኋላ የመጣው፣ መጋጠሚያው ላይ ጎማ ያለበት ሰንሰለት ግን 14 ጥርስ ይፈልጋል። ከእድሳቱ በኋላም የድሮውን ይዘው የቀሩ ታንኮች ስላሉ በዓመተ ምሕረቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ፎቶው ላይ ጥርስ መቁጠር ግድ ነው። ባለ 14 ጥርሱን ጎማ ከድሮው ሰንሰለት ጋር አጣምሮ የሚያቀርብ ሞዴል ካጋጠመ፣ አንዱ ተጥሎ በሌላ መተካት አለበት። በስቱኮ የሚጠገን ነገር አይደለም።

ስለ ቀለሙ ብዙ ማለት አያሻም። ትንሽ ነገር ከትልቁ ይልቅ ጠቁሮ ስለሚታይ አረንጓዴው ጥቂት ነጣ ማለት አለበት። አቧራው ደግሞ ከአንድ አገር አፈር መምጣት አለበት። የኦጋዴንን ቀይ አፈር ከፖላንድ ጭቃ ጋር የቀላቀለ ጎማ ታሪኩን አበላሸ።

የእድሳት ነገር ጫፉ እስከ የት እንደሚደርስ ማየት ለሚፈልግ የስሎቬኒያውን ኤም-55ኤስ ማየት ነው። በ1990ዎቹ የእስራኤሉ ኤልቢትና የአገሩ ፋብሪካ ተባብረው 30 ቲ-55ዎችን አደሱ። የ100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ወጥቶ የምዕራባውያኑ 105 ገባ፤ ፊቱ በሚፈነዳ ጥሩር ተሸፈነ። በ2022 ከእነዚያ ውስጥ 28ቱ ለዩክሬን ተሰጡ። ጎማው ግን አሁንም 810 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተትም አለ። ይህን ታንክ ከተራ የቲ-55 ሞዴል ተነሥቶ የሚሠራ ሰው ከወገብ በታች የሚለውጠው ጥቂት ነው፤ ከወገብ በላይ ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል።

ሙዚየም መሄድ ለሚችሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ቦቪንግተን፣ ፊንላንድ ውስጥ ፓሮላ፣ እስራኤል ውስጥ ላትሩን ቲ-55ን በተለያየ መልኩ ያሳያሉ። በላትሩን ያሉት እስራኤል ማርካ በራሷ መንገድ ያደሰቻቸውና ቲራን ያለቻቸው ናቸው። በእስራኤልና በአውሮፓ የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች ሜትርና ካሜራ ይዘው ጎራ ቢሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይሰበስባሉ።

አገር ቤት ላሉ ደግሞ ልመና አለ። በሰሜኑ መንገዶች ዳር የደርግ ዘመን ታንኮች ስብርባሪ ለብዙ ዓመታት ወድቆ ቆይቷል፤ ብረት ቆራጭም በየጊዜው ይጎበኘዋል። ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ስለሚችል የአካባቢው ሰው “ምንም የለም” ሳይል፣ የሚመለከተው አካልም ሳይፈቅድ ማንም አይጠጋ። የተፈቀደለት ግን ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ ፎቶ ያንሣ፤ ጎማው አጠገብ ሜትር ይዘርጋ፤ የኋላውን ጥርሳም ጎማ ጥርስ ይቁጠርና 13 ወይም 14 መሆኑን ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። የኢትዮጵያን ቲ-55 በትክክል መሥራት የሚፈልግ ሰው ዛሬ የጎደለው ፕላስቲክ ሳይሆን ይህ መረጃ ነው።